ሁለቱ ፍላሾችና ጥቁሩ ክር

ላሊበላ ውስጥ ማኅበር የሌለው ሰው ብትፈልጉ ድካማችሁ ነው የሚተርፋችሁ። አንዱ የሚካኤል አለው፣ አንዱ የማርያም አለው፣ አንዳንዱ የሁለቱንም ይጠጣና በወር ሁለቴ ራሱን ያመዋል። የእኛ ማኅበር ግን የኮምፒውተር ነው። ይሄን ስንናገር ሰው ቶሎ አይገባውም። «የማን ጽዋ ነው?» ብለው ይጠይቁናል፤ «የሊኑክስ» እንላለን። አንድ ጊዜ የሰፈሬ አዛውንት ሴት፣ ይሄን ሰማዕት እስከዛሬ ሳላውቀው ኖርኩ ብለው አዝነው፣ በስንት እንደሚውል ጠይቀውኛል። እኔም ክፋቴ አይጣል ነው፣ ወር በገባ በሁለተኛው እሑድ ብዬ መለስኩላቸው። ውሸት አይደለም፤ የምንሰበሰብበት ቀን ነው።

ለማታውቁት ላስረዳ። ኮምፒውተር ሲከፈት ቀስቅሶ ሥራ የሚያስጀምረው አንድ ሥርዓት አለ። አብዛኛው ሥርዓት ይገዛል፤ በእኛ አገር ደግሞ ሳይገዛ ይጫናል፣ ስለዚህ ብዙ ባናወራ ይሻላል። ሊኑክስ የሚባለው ግን ነጻ ነው። ውሰድ፣ ገልብጥ፣ ለጎረቤትህም ስጥ ይላል። ከሁሉ በላይ አሮጌ አይንቅም። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ በየቢሮውና በየትምህርት ቤቱ የተረፉት ኮምፒውተሮች ዘራፊው እንኳ አንስቶ መልሶ ያስቀመጣቸው ነበሩ። ለእነሱ የሚሆን ሥርዓት እሱ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

አራት ነበርን። እኔ ወደ ቅዳሜ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። መሪጌታ ኃይለ የዜማ መምህር ናቸው፤ ወደ ማኅበሩ የገቡት የዜማ ምልክቶችን ከፊደሉ በላይ መጻፍ የሚያስችል ነገር ፍለጋ ነው፣ እስካሁን አላገኙም፣ ግን ተስፋ አልቆረጡም። እንድሪስ ጋሸና መገንጠያው ላይ የከባድ መኪና ሾፌሮችን ሞባይል ይጠግናል። አራተኛዋ እናኑ ነበረች፤ የሙጃ ገበሬ ልጅ፣ ኮምፒውተር ተምራ የተመረቀች። ሦስታችን ተደምረን የእሷን ግማሽ አናውቅም ነበር።

ማኅበሩ የሚካሄደው በጽዋ ደንብ ነው። ሙሴያችን፣ ማለትም መሪያችን፣ መሪጌታ ናቸው። ተራ የደረሰው ሰው ቤቱ ጠርቶ ያበላል። እንድሪስ የእኛን ሥጋ አይበላም፣ እኛም የእሱን አንበላም፤ ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ሽሮ ነው። ሁሉ በየቤቱ ዶሮ በሚበላበት በፋሲካ ሰሞን አራት ሰዎች ሽሮ ከበው ስለ ኮምፒውተር ሲከራከሩ አስቡት። በመጨረሻ የማኅበሩ ሁለት ፍላሾች በነጭ ጨርቅ ተጠቅልለው ለሚቀጥለው ባለተራ ይሰጣሉ፤ ባለተራው ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ይቀበላል። እንድሪስ መጀመሪያ ሲቀበል ምን ማለት እንዳለበት ስላላወቀ «አልሐምዱሊላህ» አለ። መሪጌታ ትንሽ አሰቡና «መልካም ነው» አሉት።

እኔ በማኅበሩ የምታወቀው በቀናኢነቴ ነው። ኮምፒውተር ያየሁበት ቦታ ሁሉ ካልጫንኩ ብዬ እሟገታለሁ። አንድ ቢሮ ገብቼ፣ በነጻ አድሳለሁ ብዬ ለምኜ፣ ሥርዓቱን ጫንኩላቸው። ኮምፒውተሩ እንደ ወፍ ቀለለ፤ ፕሪንተሩ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ አኮረፈ። ደብዳቤ ሲያዙት ባዶ ወረቀት ያወጣል፣ ሳያዙት ደግሞ ሌሊት ያረገዘውን የሚወልድ ይመስል አሥር ገጽ ጥቃቅን ካሬ ይደረድራል። የቢሮው ሰዎች መንገድ ላይ ሲያዩኝ ዞር ይሉ ጀመር። እናኑ ሄዳ ሁለት ቀን ታግላ አስታረቀችው። ስትመለስ አልተቆጣችኝም። «ጋሼ፣ እጅዎ ከሐሳብዎ ይቀድማል» አለችና ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ ምስጋና መስሎኝ ነበር።

አሁን ወደ ፍላሾቹ ልምጣ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። አንደኛውን ለፍላፊው እንለዋለን። እሱን ሰክታችሁ ኮምፒውተሩን ብትከፍቱ በየትኛው ቋንቋ ላናግርዎት፣ የት አገር ነዎት፣ ምን ላድርግልዎት እያለ ይጠይቃል፤ ካልፈቀዳችሁለት ግን ውስጥ ያለውን ዕቃ አይነካም። የይለፍ ቃሉ የጠፋበትን ኮምፒውተር ገብተን የምናየው በእሱ ነው። ችግሩ ጥያቄው ነው። የእኛ አገር መብራት ደግሞ ለዚህ ሁሉ ጥያቄ አይበቃም፤ አራተኛው ላይ ስንደርስ ይሄድና እንደገና ከአንደኛው እንጀምራለን። አንድ ቀን በዚህ ዓይነት ለአንድ ኮምፒውተር አገራችን ኢትዮጵያ መሆኗን ዘጠኝ ጊዜ ነግሬዋለሁ።

እናኑ ይሄን አይታ ሁለተኛውን ፍላሽ ሠራች። እሱ ምንም አይጠይቅም። ሰክተው ሲከፍቱት ያለውን ሁሉ ያጠፋና አዲሱን ሥርዓት በሩብ ሰዓት ውስጥ ጭኖ ይጨርሳል። ጭምቱ አልነው። የሚያሳየውንም ጽሑፍ በአማርኛ እሷው ነበረች የጻፈችው። እንዳንሳሳት ብላ በጭምቱ ላይ ቀይ ክር፣ በለፍላፊው ላይ ነጭ ክር አሰረች። ደንብም አወጣችልን፤ በማንም ሰው ኮምፒውተር ላይ ብቻችንን አንሠራም፣ አንዱ ሲነካ ሌላው ያያል።

ባለፈው ክረምት ታመመች። መጀመሪያ ጨጓራ ነው ተባለ፣ ከዚያ ኩላሊት ነው ተባለ፣ ከዚያ ወደ ደሴ ወሰዷት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር። ሙጃ ላይ ቀበርናት። በዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

ከቀብሩ በኋላ የመጀመሪያው የማኅበር ቀን እኔ ቤት ዋለ። ሦስት ሰዎች ተቀምጠን ሽሮው ቀዘቀዘ። እድር ሲሆን ድንኳን ይተከላል፣ ቤተ ዘመድ ሲሆን ጥቁር ይለበሳል፤ የኮምፒውተር ማኅበር አባሉ ሲሞትበት ምን እንደሚያደርግ ግን የሚያውቅ የለም። መሪጌታ ጸሎት አደረሱ፣ እንድሪስም መዳፉን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ። ከዚያ እኔ ተነሣሁ። ማኅበሩም ሐዘኑን መግለጽ አለበት አልኩና ከሁለቱ ፍላሾች ላይ ቀዩንና ነጩን ክር በመቀስ ቆርጬ፣ በሁለቱም ላይ ጥቁር ክር አሰርኩባቸው። መሪጌታ ዓይናቸውን ጠረጉ። እንድሪስ «ጥሩ አደረግህ፣ ወላሂ» አለኝ። ሦስት አዋቂ ሰዎች ነበርን፣ አንዳችንም ነገሩ አልታየንም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ጠዋት የእናኑ አባት አያ ደምሌ ወደ ሱቄ መጡ። ከሙጃ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው ነው የመጡት። ላፕቶፑን በጋቢ ጠቅልለው በስልቻ ይዘውታል። ባርኔጣቸውን አወለቁና እንዲቀመጡ ብለምናቸውም ቆመው ነገሩኝ። ስልኳ ሕክምና ላይ እያለች ጠፍቷል። በላፕቶፑ ውስጥ ግን ድምጿ አለ፤ ለትምህርት ቤት ልጆች ብላ ትምህርት እየቀዳች ታስቀምጥ እንደነበር ለእናቷ ነግራታለች። ቤት ያለ ሰው ሊከፍተው አልቻለም፤ የይለፍ ቃል ይላል።

«እናቷ እህል ትታለች፣ ልጄ» አሉኝ። «ፎቶዋስ ግድግዳው ላይ አለ። ድምጿን አንዴ ብትሰማ ያስለቅሳት ይሆናል፣ ካለቀሰችም ትበላ ይሆናል። ሌላ ነገር አልፈልግም።»

እንድሪስን ልጥራ ብል ጋሸና ነው። መሪጌታን ልጥራ ብል ማኅሌት ላይ ናቸው። ደንቡን አልረሳሁትም፤ ግን መብራት ነበር፣ ሽማግሌው ደግሞ ሐኪም ፊት እንዳለ ሰው ነው የሚያዩኝ፣ እኔም ሰው እንደዚያ ሲያየኝ ልቤ ያብጣል። «አምስት ደቂቃ አይፈጅም» አልኳቸው። በሐዘኑ ለባለተራ ሳይተላለፉ እኔው ጋ የቀሩትን የፍላሾቹን ጨርቅ ፈታሁ። ሁለት ፍላሽ፣ ሁለት ጥቁር ክር። ለአንድ አፍታ እጄ ቆም አለ። ከዚያ ለፍላፊው በቀኝ በኩል እንደነበር ትዝ አለኝ። ከማን በቀኝ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ሰካሁ፣ ከፈትኩ።

ጥያቄውን ጠበቅሁ። በየትኛው ቋንቋ ላናግርዎት እስኪለኝ ድረስ እጄን ፊደሉ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። አልጠየቀኝም። በላፕቶፑ ጥቁር መስኮት ላይ አንድ ነጭ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ መሄድ ጀመረ፣ ከሥሩም «ሥራ ላይ ነኝ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» ይላል። እናኑ የጻፈችው ነው።

በሕይወቴ መብራት እንዲሄድ የጸለይኩት ያን ቀን ብቻ ነው። በቀን አምስት ጊዜ የሚሄደው መብራት ያን ዕለት እንደ ደብር ዓምድ ቆመ። ዘልዬ ገመዱን ነቀልኩት። ላፕቶፑ ግን ቀጠለ፤ በመላው ላስታ አንድ ደህና ባትሪ ያለው ኮምፒውተር ቢኖር የእሷ ነበር። ፍላሹን መንቀል እንኳ ዘግይቶ ነው የታሰበኝ፤ ቢታሰበኝም አይጠቅምም፣ ጭምቱ መጀመሪያ ያጠፋል፣ የሚጽፈው ከዚያ በኋላ ነው። አያ ደምሌ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥረዋል። አንገታቸውን አስግገው መስኮቱ ላይ የወጣውን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። «ተ-ፈ-ጽ-ሟል። እንኳን ደስ ያለዎት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ተገኘ ማለት ነው?» አሉኝ።

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን፣ ገና ነው፣ ይሄ መጀመሪያው ነው፣ ፍለጋው ጊዜ ይወስዳል፣ እዚሁ ይተዉልኝ አልኳቸው። ፊቴን አየት አደረጉ። ከዚያ መረቁኝ። ልጅ ይውጣልህ፣ እጅህን ቁርጥማት አይንካው ብለው መርቀውኝ ስልቻቸውን አጥፈው ሄዱ። በሩን ዘግቼ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። ሰው አንኳኩቶ ሁለት ገጽ ግልባጭ ፈለገ፤ እያለቀስኩ ገለበጥኩለት፣ ዓይኑን ሌላ ቦታ አድርጎ ወሰደ።

እንድሪስ ስደውልለት ሱቁን ዘግቶ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣ። መሪጌታም መጡ። እንደሚሰድቡኝ ጠብቄ ነበር። መሪጌታ ጥቁሮቹን ክሮች አይተው «ሦስታችንም ነን ያሰርነው» ብቻ አሉ። እንድሪስ ደግሞ «አብሽር፣ የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም አለ» አለና ወደ ሥራ ገባን።

እንደዚያ ያለ ፍለጋ አይታችሁ አታውቁም። ፕሮግራሙ ያገኘውን ሁሉ ያለ ስም ያወጣዋል፤ ቁጥር ብቻ ይሰጠዋል። በሺህ የሚቆጠር ነገር ወጣ። መሪጌታ ሥዕሎቹን ወሰዱ። መነጽራቸውን አድርገው እንደ ዳዊት ከመጀመሪያው ጀምረው ደገሟቸው፤ የጣት ጥፍር የሚያካክሉ ቀስቶች፣ የቆሻሻ ቅርጫቶች፣ የደብዳቤ ፖስታዎች። በየመሀሉ «ይሄስ ቅርጫት ከቅድሙ ይለያል?» እያሉ ይጠይቁኛል። በሦስተኛው ቀን የእናኑ ፎቶ ግማሽ ወጣላቸው፤ ከግንባሯ እስከ ዓይኗ አለ፣ ከዚያ በታች ግራጫ ነው። አፏ ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ላይ ምንም የለም። መሪጌታ ያን ቀን ሌላ ሥዕል አልከፈቱም።

ድምፁን እንድሪስ ያዘ። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ የተገኘውን ድምፅ ሁሉ ሰማ። የተገኘው ኮምፒውተር ሲሳሳት የሚያሰማው ደወል፣ ሲከፈት የሚያሰማው ደወል፣ ሲዘጋ የሚያሰማው ደወል ነው። አንድ ሳምንት ደወል ሲሰማ ሰንብቶ፣ ሰው ሲጠራው ቀና ብሎ የሚያይበት ዓይኑ ሌላ ሆነ። በስልኮቻችንም ፈለግን። እናኑ የድምፅ መልእክት አትልክም ነበር፤ ዳታ ይበላል ብላ ሁልጊዜ ትጽፋለች። በመጨረሻ እንድሪስ ማዳመጫውን አወለቀና «የለም» አለ። «እላዩ ላይ ተጽፎበታል። ወላሂ የለም።»

እንግዲህ መንገር ቀረ። መሪጌታ እንዲህ ያለ ነገር መርዶ ነው አሉ። መርዶ ደግሞ ብቻውን የቆመ ሰው አይነግርም፣ ባዶ ሆድ ላለ ሰውም አይነገርም። ስለዚህ አያ ደምሌ ለገበያ በሚመጡበት ቅዳሜ ሦስታችን ሱቅ ውስጥ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ለብሰን በአንድ አግዳሚ ላይ ተደርድረን ጠበቅናቸው። እንድሪስ ነጠላ ስላልነበረው ከኔ ሁለት አንዱን አውሼዋለሁ፣ አለባበሱንም መሪጌታ ናቸው ያስተካከሉለት። ፎቶ ኮፒ ለማስነሣት የመጣ ሰው ሁሉ በር ላይ ሲያየን ነፍስ ይማር እያለ ይመለሳል።

አያ ደምሌ ገቡ። ሽሮ አቀረብን፣ ይብሉ ብለን ወተወትን። ሁለት ጊዜ ጎረሱና እጃቸውን ሰበሰቡ። ሦስታችንን ተራ በተራ አዩን።

«የልጄን መርዶ አንድ ጊዜ ተረድቻለሁ» አሉ። «ሁለተኛ አታርዱኝ።»

እኔ ተነሥቼ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በክንዴ ይዘው አስቀመጡኝ።

«ያን ዕለት ፊትህን ሳይ ነው ያወቅኩት። አርባ ዓመት በሬ ስገዛ ስሸጥ ኖሬያለሁ፣ የሚደብቅ ሰው ፊት አይጠፋኝም። ግን ቤት ስገባ እናቷ ደጅ ቆማ ጠበቀችኝ። ከስንት ቀን በኋላ ቆማ አየኋት። ‹እየፈለጉላት ነው› አልኳት። ያን ለት ራት ቀመሰች። በማግስቱም በላች። እስኪገኝ ልቆይ ብላ ነው የምትበላው። ስለዚህ አልተገኘም አትበሉ። ፈልጉ።»

ከሄዱ በኋላ መሪጌታ ውሸት ውስጥ እንዳንገባ ፈሩ። በመጨረሻ፣ ፈልጉ ነው ያሉን፣ ከፈለግን አልዋሸንም፣ ግን እንግዲህ የምር መፈለግ አለብን አሉ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ፕሮግራሙን እናስነሣለን። መሪጌታ ቅርጫቶቹን ያያሉ፣ እንድሪስ ደወሎቹን ይሰማል። አያ ደምሌ ብቅ ይላሉ፣ «ደረሰ?» ይላሉ፣ እኔም ትንሽ ቀርቶታል እላለሁ። የማኅበራችን ሥራ እሱ ሆኗል። አዲስ ኮምፒውተር ከነካን ቆይተናል።

በጥር ወር አንድ ቅዳሜ እትዬ ወርቄ ራሳቸው አብረው መጡ። የእናኑ እናት ናቸው። ከቀብሩ ቀን ወዲህ አላየኋቸውም፤ ከስተዋል፣ ግን በእግራቸው ነው የገቡት። አያ ደምሌ አስቀምጠዋቸው ጨው ለመግዛት ወደ ገበያ ወረዱ። መሪጌታና እንድሪስ ገና አልደረሱም። ብቻዬን ከእሳቸው ጋር ቀረሁ። ላፕቶፑ ክፍት ነው፣ የፍለጋው ነጭ መስመር ይሄዳል። እኔም ያለ የሌለ ነገር አወራሁ፤ ዲስክ ሰፊ ነው፣ መብራቱም ያስቸግራል፣ እንዲህ ያለ ሥራ ዓመትም ይፈጃል አልኩ።

እትዬ ወርቄ መስመሩን ሲያዩ ቆዩና እጃቸውን ላፕቶፑ ክዳን ላይ አደረጉ።

«ከገባሁ ጀምሮ ዓይኔን አላየህም» አሉኝ። «የለም፣ አይደል?»

አዎ ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ።

«በሦስተኛው ሳምንት ነው የገባኝ። አለ የተባለ ነገር እንዲህ አይቆይም።» ወደ በሩ አዩ። «ለሱ ግን እንዳትነግረው። እኔ ስበላ ካየ ነው እሱም የሚበላው። ቅዳሜ ሲመጣ ልብሱን አሳጥቦ፣ ተስፋ አድርጎ ነው የሚመጣ። የለም ካልከው ይተኛብኛል። እባክህ፣ እየፈለግን ነው በለው።»

አያ ደምሌ የገዙትን ጨው በትከሻቸው አድርገው ተመለሱ። በሩ ላይ ቆመው መጀመሪያ ሚስታቸውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። «ደረሰ እንዴ?» አሉ።

«ትንሽ ቀርቶታል፣ አባቴ» አልኳቸው።

«ተመስገን» አሉ አያ ደምሌ ለሚስታቸው። «ተመስገን» አሉ እትዬ ወርቄም ለባላቸው።

ከዚያ እትዬ ወርቄ ከጉያቸው ቆሎ አወጡና ለሁለት ከፈሉት። ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ አንዳቸው አንዳቸውን እያዩ፣ እስኪያልቅ በሉ።